አባዬ ኪስ ውስጥ የነበረችው ቢጫ ጥይት

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለናይጀል፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሊኔትስ እንዴት ናት? ያ የወገብ ሕመሟ ለቀቃት ወይስ አሁንም ትራስ ደግፋ ነው የምትተኛው? ልጆቹስ? ትልቁ ፈተናውን አለፈ? እናንተ ዘንድ በታዝማኒያ ሙቀቱ እየገባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኛ ግን ጭቃው ከጫማችን ሳይለቅ ብርዱ ደርሶብናል። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ክላይቭም ደህና ነው፣ ልጃችን ጄማም አዲሱን ሥራዋን ለምዳለች። አባዬም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይራመዳል፣ እንደ ልማዱም ይሳደባል። ስለ ጤና ከጠየቅከኝ ነገሩ ይኸው ነው። ስለ ልቤ ከጠየቅከኝ ግን ፈርቻለሁ ናይጀል። በዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስሰማ ለቅሶ ስለሚቀድመኝ ነው። አባዬ ደግሞ ስልክ ስይዝ ከየትም ብሎ አጠገቤ ይደርሳል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ይኸው ክላይቭ ከሥራ ሳይመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ለሊኔትም አንብብላት፤ እሷ ጠመንጃ ነክታ ስለማታውቅ አንዳንዱን ነገር ለአንተ ሳይሆን ለእሷ ብዬ ነው የማብራራው፣ አትቆጣ።

አባዬን ታውቀዋለህ። ቾክ በመምረጥ በአካባቢያችን የሚስተካከለው አልነበረም። ሊኔት፣ ቾክ ማለት ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትጠመዘዝ ቀለበት ናት። ጠባቧ ከጥይቱ የሚበተነውን ፍንጣሪ ሰብስባ ሩቅ ትልከዋለች፣ ሰፊዋ ቅርቡ ላይ ትበትነዋለች፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰው ሁሉ በዚህች ነገር ሲከራከር ይውላል፤ አባዬ ግን ለዒላማ የምትወነጨፈው የሸክላ ሳህን ገና ስትወረወር አይቶ፣ ሻዩን እንኳ ከአፉ ሳያወርድ፣ «ይቺ ትቀርባለች፣ ሰፊዋን አድርጊ፤ ጥይቱም ቀላሉ ይበቃሻል፣ ትከሻሽን በከንቱ አታስደብድቢ» ይል ነበር። ተሳስቶ አላየሁም።

በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ ግን ጥንቸል የምንላት፣ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች አፍንጫችን ሥር የምታልፈው ሸክላ ጋ ስንደርስ፣ ያለችውን እጅግ ጠባብ ቾክ አጥብቆ ገባ። በዚያ ርቀት በሷ መተኮስ ዝንብን በመርፌ መውጋት ነው። አንዷንም አልመታም። ሜዳውን የሚያስተዳድረው ትሬቨር «ሴድሪክ፣ እንግዲህ ጥንቸሏ በሳቅ ካልሞተችልህ በጥይት አትሞትም» አለው፤ አባዬም አብሮ ሳቀ። ፉከራ መሰለኝ፤ ሆን ብሎ ራሱን እየፈተነ መሰለኝ። በበጋ ደግሞ ጠመንጃውን ወልውሎ ቾኮቹን ሳይመልስ ተኩሶ ቾኩ የሚጠመዘዝበትን የአፈሙዙን ጥርስ አበላሸው። «አንቺ ነሽ ያወለቅሽው» ብሎ ጮኸብኝ። አላወለቅኩም፤ ግን እሺ አልኩ። ምን ልበል? ሰው ያረጃል፣ ይረሳል አልኩና ለአንተም ሳልነግርህ ቀረሁ።

ያለፈው እሁድ ግን ሌላ ነው። እኔ የምተኩሰው እንደምታውቀው በእማዬ ቀጭን ጠመንጃ ነው፤ ባለ ሃያ ነው፣ የአባዬ ባለ አሥራ ሁለት፤ ሁለቱም ጥንድ ቱቦ አላቸው። ቁጥሩ ሲበዛ ጥይቱ ይቀጥናል። የእኔ ጥይት ቢጫ የሚደረገው ማንም ሰው ከወፍራሙ ጋር እንዳያምታታው ነው፤ ምክንያቱም ቀጭኗ ወፍራሙ ጠመንጃ ውስጥ ከገባች አትያዝም፣ ተንሸራትታ ቱቦው ውስጥ ትወሸቃለች። ከኋላዋ ሌላ አጉርሰህ ከተኮስክ ቱቦው እጅህ ላይ ይፈነዳል። አባዬ ይህን ነው ከልጅነታችን ጀምሮ ያስተማረን። መኪና ከመግባታችን በፊት በር ላይ ቆሞ «ኪስ!» ሲል ትዝ ይልሃል? እማዬ ሳትቀር ኪሷን ገልብጣ ታሳይ ነበር። ባለፈው እሁድም እንደዚያው «ኪስ!» አለኝ፤ እኔም አርጅቼ ኪሴን ገለበጥኩለት። የእሱን ኪስ ግን ያየው ሰው የለም። ማን ደፍሮ?

ሜዳው ላይ ተራው ደርሶ ወደ መተኮሻው ገባ። ሁለቱን ሲያጎርስ ከኋላው ቆሜ አይቻለሁ፤ አውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ስትገፋ አይቻለሁ፣ ቀለማቸውን ግን ትከሻው ጋረደኝ። «ልቀቅ!» አለ፣ ሸክላዋ እንድትወረወርለት። የመጀመሪያዋን ሸክላ አደቀቃት። ሁለተኛዋ ላይ ምላጩን ሲስብ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ሲከፍተው አንዱ ባዶ ቀለህ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ሌላው ቀዳዳ ምንም የለበትም። «ይኸውልሽ፣ አንዷን ረስቻለሁ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ትሬቨርም «ጥይት ተወዷል፣ ልክ ነህ፣ ቆጥብ!» አለው። እሱም ከኪሱ ሁለት ሌላ አውጥቶ አጎረሰና ጠመንጃውን ዘጋው።

ናይጀል፣ እኔም ከሳቂዎቹ ጋር እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ ሳቁ አፌ ውስጥ ቀረ። ሁለት ሲያጎርስ አይቻለሁ እኮ፣ ታዲያ ሁለተኛዋ የት ሄደች? ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፣ አፉ «ልቀቅ» ሊል ተከፍቷል። ቆሞ የሚተኩስን ሰው መንካት ነውር መሆኑን እያወቅኩ ዘልዬ ከኋላው አቀፍኩትና አፉን በመዳፌ ያዝኩት። ጢሙ መዳፌ ላይ ሲንቀሳቀስ አሁንም ይሰማኛል። «አባዬ፣ ክፈተው፣ እባክህ ክፈተው» እያልኩ ነበር አሉ፤ እኔ አላስታውስም።

ትሬቨር ጠመንጃውን ተቀብሎ ከፈተ፣ ጥይቶቹን አወጣና በቱቦው ወደ ሰማይ አየ። በአንደኛው ብርሃን ያልፋል፣ በሌላኛው አያልፍም። በእንጨት ዘንግ ሲገፋው ቢጫዋ ጥይት ሣሩ ላይ ወደቀች። ትሬቨር ያ ሁሉ ቀልድ ጠፍቶበት፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ሴድሪክ፣ ከየት አመጣሃት?» አለው። አባዬ ምን እንደመለሰ ታውቃለህ? «የሄዘር ናት፣ ከመኪናው ወለል ላይ አንስቼላት ነው» ብሎ ጎንበስ አለ፣ አነሳት፣ ከጭቃዋ ጠራርጎ በእጄ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሰው ፊት እንደ ሕፃን አፌን ትይዢኛለሽ?» አለኝ።

ከመኪናው ወለል ስላለኝ ትንሽ ተጽናንቼ ነበር፤ አንዲት ጥይት መንገድ ትስታለች። እቤት ገብተን እሱ ምድጃው አጠገብ እንቅልፍ ሲወስደው ግን ሰደርያውን አንስቼ ኪሱን ገለበጥኩት። የእሱ ቀይና የእኔ ቢጫ አንድ ላይ ተደባልቋል። ከመኪና ወለል የተለቀመ አይደለም፤ አንድ ሙሉ ካርቶን ጥይቴን ከፍቶ ከራሱ ጋር አፍስሶታል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ያደረገው በር ላይ ቆሞ የእኔን ኪስ ሲፈትሽ የነበረው ያው ሰውዬ ነው።

የጠመንጃ ሣጥኑን ቁልፍ ከደበቀበት ወስጄ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፤ ይህን ስጽፍልህ ደረቴ ላይ ይቀዘቅዘኛል። አባዬ ትናንትም ዛሬም ጠዋት ሲፈልገው ሰምቻለሁ። ቢቆጣኝ በወደድኩ፤ «ቁልፌን የት አደረግሽው?» ቢለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አይጠይቀኝም። ራሱ የጣለው ስለመሰለው ከእኔ ተደብቆ ነው የሚፈልገው፤ እግሬን ሲሰማ መሳቢያውን ቀስ አድርጎ ይዘጋና ጋዜጣ ያነሳል።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ። ለጉንፋን ክትባት ነው ብዬዋለሁ። ሐኪሙ ከሰማ ለፖሊስ ይናገራል፣ ፖሊስም ጠመንጃዎቹን ይወስዳል፤ አባዬ እሁዱን ከተነጠቀ ሌላው ሳምንት ምን ያደርግለታል እያልኩ አለቅሳለሁ። ዝም ብል ደግሞ ያቺ ቱቦ ፊቱ ላይ ስትፈነዳ ይታየኛል። ትሬቨርም እጄን ይዞ «ሄዘር፣ ካንቺ ካልሰሙት ከእኔ ይሰሙታል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሎኛል። አልተቀየምኩትም። አንተ ግን በስልክ «አባዬ እኮ ብረት ነው» አትበለኝ። ብረት አይደለም። መምጣት ከቻልክ ና። ገና ለገና ለቀብሩ ብለህ ያስቀመጥከውን የዕረፍት ፈቃድ አሁን ውሰደው። ብቻዬን አልችለውም፤ ይህን የምልህ ሳላፍር ነው።

ሊኔትን ሳምልኝ፣ ወገቧን ትጠንቀቅ። ልጆቹን አንድ በአንድ እቀፍልኝ፤ ትንሿ የላከችልኝን የፈረስ ሥዕል ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ክላይቭ «ትኬቱ ከከበደህ ንገረን» ብሎሃል። ጄማ አጎቷን በጣም ሰላም ትላለች፤ አየር ማረፊያ ድረስ መጥታ እንደምትቀበልህ ነግራኛለች። ትሬቨርም ሰላም ብሎሃል።

አባዬ ሰላምታ አልላከልህም። አሁን አጠገቤ መጥቶ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለናይጀል ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። በመስኮቱ ወደ ባዶው መስክ አሻግሮ አየና «ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ እዚያ ታች ተራውን እየጠበቀ አይደል እንዴ? ሂጂና ሸክላው ይርቃል፣ ጠበብ ያለውን ቾክ አድርግ በይው» አለኝ።

እህትህ ሄዘር
ዊዘርኮት፣ ሽሮፕሽር
ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2019