ማውዙን ዛሬ ተይው

ቀጭኔዬ፣

ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። የሚያስተኙኝ ይመስለኛል፣ ፒጃማዬን ይዣለሁ። ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፣ ባልዲው ሳይሞላ ድፊው።

ትናንት አለቃዬ ጋ ደውዬ የሕመም ፈቃድ ጠየቅኩት።
«ቤትሽ ሆነሽ በተመቸሽ ሰዓት ሥሪ ያልንሽ ለወገብሽ ብለን አይደል እንዴ? ደግሞ ወሩን ሙሉ መብራትሽ አረንጓዴ ነበር። መቼ ታመምሽ?» አለኝ።

ምን ልበለው? እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ አንቺ ሳሎን ባለፍሽ ባገደምሽ ቁጥር የኮምፒውተሬን ማውዝ ነካ እያደረግሽ፣ ስክሪኑ ላይ ከስሜ ጎን ያለው አረንጓዴ መብራት ሥራ ላይ ነች እንዲል ስታደርጊ ነበር ልበለው?

ለኔው ብለሽ ነው። የለመንኩሽም እኔው ነኝ፣ ለአንድ ቀን ብዬ። አንድ ቀኑ ወር ሆነ። አንቺንም አብሬ ውሸታም አደረግኩሽ፣ ይቅር በይኝ።

አልተናደድኩም። እውነቴን ነው፣ ምንም አልተሰማኝም።

ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼዋለሁ። ስትገቢ እንዳትነኪው፤ እጅሽ ለምዷል፣ አደራ። መብራቱ ይጥፋ። ዛሬ እንኳ የለችም ይበል።

የስልኬን ቻርጀር አልጋዬ ላይ ረስቼዋለሁ። ልትጠይቂኝ ከመጣሽ ይዘሽልኝ ነይ። ከማውዙ እስከ ክፍሌ ሦስት እርምጃ ነው።
በሩ አልተቆለፈም። ወሩን ሙሉም አልተቆለፈም ነበር።