በእንዶድ የታጠበው ዴላ

ለበየነ፣ በሰው ፊት «እርስዎ»፣ ከበር መልስ «አንተ» ለምልህ ባለቤቴ፤

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አሁን ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው ስለሌለ «አንተ» እያልኩ እጽፍልሃለሁ። የምነግርህም ነገር በአክብሮት ቃል የሚወጣ አይደለም። አባቴ ከዳዊት ጋር ያስጠናኝ ፊደል ለዚህ ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወረቀቱን ከየት እንዳገኘሁት አትጠይቀኝ። ቀለሙን ከድስት ጥላሸት ራሴ በጥብጬ ነው የሠራሁት፤ ቢደበዝዝ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጣሪያው ያፈሳል። የጓሳው ሽማግሌዎች የጋራው ሣር የሚታጨድበትን ቀን ለመቁረጥ ቢሰበሰቡ፣ ለሽፍትነት ነው የተሰበሰባችሁት ብሎ ጣሊያን በተናቸው፤ ለክዳን የሚሆን ሣር ሳናገኝ ክረምቱ ደረሰብን። ገብሱ ደህና ነው። ቀዩ በሬ ሆዱን ታሞ ነበር፣ አሁን ይበላል። ዳማን ግን የጣሊያኑ ምሽግ ሹም ይጋልበዋል። ባለፈው ወር ፈረስህን ዘመሮ ገበያ ዳር ታስሮ አየሁት። ኮርቻውን አውርደውለት ነበር፤ ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ ወጥቶበት ዝንብ ሰፍሮበታል። ድምፄን ሳይሰማ አወቀኝ መሰለኝ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። አልተጠጋሁትም። ዘንድሮ ማን ማንን እንደሚመለከት ስለማይታወቅ፣ ሰው ከፈረስ ጋር ሲተያይ እንኳ ያስጠረጥራል።

አባቴ እኔን የሰጠህ ኮርቻህን ገልብጦ አይቶ መሆኑን ታውቃለህ? አውቀህም ይሆናል፣ አንተ የማታውቀው ነገር ጥቂት ነው። ሽማግሌዎችህን ይዘህ የመጣህ ዕለት፣ እናንተ ውስጥ ጠላ ስትቀምሱ እሱ ለፈረሶቹ ድርቆሽ ልጣል ብሎ ወጣ። በእኛ ሰፈር የልጃገረድ አባት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ከላይ የሚደረበውን ቀይ ግላስ ማንም ለአንድ ቀን ተውሶ ሊመጣ ይችላል፤ የፈረሱን ጀርባ የሚነካውን የውስጡን ፊት ግን ለአንድ ቀን ብሎ የሚያጸዳ የለም። አባቴ ኮርቻውን ገለበጠና ዴላውን፣ ያን ከኮርቻው ስር የሚነጠፈውን ፊቱ ሱፍ ዳሩ ቆዳ የሆነ ትራስ፣ በእጁ ዳሰሰው። የደረቀ ላብ አልነበረበትም፣ ገለባ አልነበረበትም፣ ጠጠር አልነበረበትም። የዳማንም ጀርባ ዳሰሰ፤ ፀጉሩ አንድም ቦታ አልተላጠም። ተመልሶ ገባና ለእናቴ በዓይኑ ምልክት ሰጣት። እኔ በጓዳው ቀዳዳ አይ ነበር።

ከተጋባን በኋላ ያንን ሥራ እኔን አስተማርከኝ። ከመንገድ ስትገባ ከሁሉ በፊት ኮርቻው ይወርዳል፣ ሆዱ ወደ ፀሐይ ተገልብጦ ይሰጣል፣ ላቡ ሲደርቅ በቀንድ ቁራጭ ይፋቃል። ከዚያ በእጅ ጀርባ ይዳሰሳል፤ መዳፍ በሥራ ስለሚደነድን ትንሽ እሾህ ያመልጠዋል ትለኝ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ በርኖስና የሱፍ ባና በበቅሎ አስጭነህ፣ ራስህ ዳማን ተቀምጠህ ወደ መርሐቤቴ ስትወርድና ስትወጣ፣ ዳማ አንድ ቀን ገጣባ አልወጣበትም። ተጠራጣሪ መሆኔን ታውቃለህ። ለገበያ ወጥተህ አንድ ቀን ከዘገየህ ሆዴ ብዙ ነገር ያወራል። ኮርቻውን ገልብጬ ንጹሕ ሆኖ ካገኘሁት በኋላ ግን ያው የማውቀው ሰው ነው እያልኩ እረጋ ነበር።

ጣሊያን ምሽጉን ሠርቶ ቆላ መውረጃው ላይ ኬላ ካቆመ ወዲህ አመልህ ተለወጠ። ኮርቻውን ማጽዳት ተውክ። መተው ብቻ አይደለም፣ እኔም እንዳልነካው ከለከልከኝ። ዴላው ጠቆረ፣ ላብና ፀጉር ጋገረበት፣ ሽታው ከበረቱ አልፎ ቤት ይገባ ጀመር። ስጠይቅህ ጊዜ የለኝም አልከኝ። እኔም የዳማን ጀርባ ደጋግሜ ዳሰስኩ። ደህና ነበር። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ተጭኖበት መርሐቤቴ ድረስ ወርዶ የሚወጣ ፈረስ እንዴት ጀርባው ደህና ይሆናል? አልሄደም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆምበት በር አለ ማለት ነው። ያንን በር የምትከፍትልህን ሴት መልክ ሳይቀር አበጀሁላት። ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት አደረግኳት። ከዴላው ስር ንጹሕ ጆንያ እያነጠፍክ፣ ኬላው ሲቃረብ ታወጣው እንደነበር የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ከልቤ አልወጣም ብትለኝ፣ አንድ ሐሙስ አንተ ቀብር ስትሄድ ዴላውን ፈትቼ ወደ ወንዝ ወረድኩ። ለአንተ አስቤ አይደለም፣ አልዋሽህም። የሴት ፀጉር ወይም የቅቤ ሽታ አገኝበት እንደሆነ ብዬ ነው። ምንም አላገኘሁም። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ መተው አልቻልኩም፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በእንዶድ አረፋ ሦስት ጊዜ አሸሁት። ሱፉ እንደ አዲስ ነጣ። ያኔ ከዳሩ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ስፌት ታየኝ። ጥብቅና ደቃቅ ነው፤ አንተ የጆንያ አፍ እንኳ ስትሰፋ ታጣምማለህ። ክሮቹም ሁሉ እኔ በማላውቀው አሰፋፍ ወደ ወዲያኛው ያዘነበሉ ነበሩ። ይኸው እጇ አልኩ። የሴትዮዋን የእጅ ሥራ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና፣ ራስህ እስክታየው ድረስ አፌን ዘጋሁ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አየኸው። ፊትህ ላይ ደም አልቀረም። እኔ የተነቃብህ ስለመሰለኝ ደስ አለኝ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ቃል ሳትናገር ትኩስ እበት አንስተህ በነጩ ሱፍ ላይ ትለቀልቀው ጀመር። ሦስት ጊዜ ያጠብኩትን! ጮኽኩብህ። ስሟን እንኳ የማላውቃትን ሴት ሰደብኳት። አንተ እበቱን ለቅልቀህ ኮርቻውን ዳማ ላይ ጫንክ። ያን ቀን መንገዱን እንድትተወው ለመንኩህ ብል ውሸት ነው፤ ሂድላት ነው ያልኩህ። ከእኔ የሰማኸው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

ዕለቱን ኬላው ላይ ተያዝክ፤ በሦስተኛው ቀን ጣሊያኖቹ ገበያ መሃል ሰቀሉህ። አስከሬንህን ያመጣው ታናሽ ወንድምህ ማሞ ነው፤ ምሽጉ ውስጥ የጣሊያኖቹ ፈረስ ጠባቂ ሆኖ ከገባ ጀምሮ ሰው ሰላም የማይለው ማሞ። በበቅሎ ጭኖ አመጣህ፣ በብብቱ ደግሞ ዴላውን ይዟል። ዴላው በስፌቱ ልክ ተተርትሯል። እጄ ላይ አስቀመጠውና ደብቂው ብሎኝ ሄደ። ሰው ሁሉ አየ፤ ያየም ሁሉ ፈረደ። ሌላው ዘመዱን ከመስቀያው ላውርድ ብሎ ሲለምን በጥይት ይባረራል፣ ለማሞ ለምን ሰጡት? ሙሾ አውራጇ ወንድም ወንድሙን ሸጠው ብላ አወረደች፤ እኔም ደረቴን እየመታሁ ተቀበልኳት።

ዴላው ውስጥ የነበረው ለጫካ ሰዎች፣ ለአርበኞቹ፣ የሚሄድ ወረቀት መሆኑን አገሩ ሁሉ ሲያወራ ሰማሁ። ሴትዮዋ የለችም ማለት ነው። ጥርጣሬዬ ግን ቤት አጣ እንጂ አልሞተም፤ ተነስቶ ማሞ ላይ ሰፈረ። እስከ መስቀል ሰሞን እዚያው ተቀመጠ። ከዚያ ያን ዕለት ኬላው ላይ ከኋላህ ተሰልፎ የነበረውን የአሞሌ ነጋዴ፣ አያ ድንቁን፣ ገበያ ላይ አገኘሁት። ወታደሮቹ እንደወትሮው ኮርቻህን አነሱ አለኝ። ሌላ ጊዜ ሽታው ሲመታቸው አፍንጫቸውን ይዘው እለፍ ይሉህ ነበር። ያን ቀን ላይ ላዩን እርጥብ እበት፣ ከስሩ ግን የነጣ ሱፍ አዩ። አንደኛው ሳቀ፣ ቀጥሎ እጁን ሰደደ። የጠቆመ ሰው የለም፣ ስምህን የጠራም የለም አለኝ። አያ ድንቁ ይህን ሲነግረኝ ዴላውን ማን እንዳጠበው አያውቅም ነበር።

የሰማሁትን ለማንም አልነገርኩም። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ። አያ ድንቁን ማን ላከው? ማሞ ልኮት ቢሆንስ? ኬላው ላይ የቆመ ሰው የወታደር ሹክሹክታ እንዴት ይሰማል? እንዲህ እያልኩ ከመስቀል እስከ ሐምሌ ደረስኩ። እውነቱን ከፈለግክ ፈርቼ ነው። ማሞ በደጃችን ሲያልፍ ሴቶቹ መሬት ላይ ይተፉ ነበር፣ እኔም አብሬ እተፋ ነበር።

በሐምሌ የጫካ ሰዎች ማሞን መንገድ ላይ ያዙት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጥድ ስር ሊፈርዱበት ነው ተባለ፤ ፍርዱን ደግሞ ሁሉም ሳይሰማው ያውቀው ነበር። ሲጠይቁት የሰጠውን መልስ የነፍስ አባታችን ነገሩኝ። ዴላውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የምሽጉንም ወሬ ለበየነ የማቀብለው እኔ ነበርኩ ብሏል። ሌላ ማን ያውቃል ሲሉት፣ በየነ ብቻ አለ። ሳቁበት። ታዲያ ዴላው ያን ቀን ለምን ነጣ ሲሉት ግን አላውቅም አለ። ያውቃል እንጂ! በብብቱ ይዞት ሲመጣ የእንዶዱ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር፣ ሲሰጠኝም ፊቴን አይቷል። ሞት ፊቱ ቆሞ እንኳ የእኔን ስም አላነሳም።

ዴላውን ከደበቅኩበት አውጥቼ የተረፈውን ስፌት ተመለከትኩት። ክሮቹ ወደ ወዲያኛው ያዘነበሉት ሴት ስለሰፋቸው አልነበረም። ማሞ ግራኝ ነው።

እሑድ ዴላውን ተሸክሜ ሄድኩ። እየፈራሁ ነው የሄድኩት፤ ጀግና ነበረች ብለው ቢነግሩህ አትመን። ለማሞ መርፌና ክር፣ ቁራጭ ቆዳም እንዲሰጡት አለቃቸውን ለመንኩ። እጁን ፈቱለትና አንድ ስንዝር ሰፋ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ክሮቹ በአንድ ዓይነት ተጋድመዋል። ሊሸጠው ቢፈልግ ኖሮ ምስጢሩ ከሰፋበት ቀን ጀምሮ በእጁ ነበር አልኳቸው። አለቃው አልበቃውም። ታዲያ ማን አስያዘው አለኝ። ያን ጊዜ ነው በሕዝቡ ፊት፣ በእናትህም ፊት፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ ያልኩት። ለምን እንዳጠብኩትም ሳልቀንስ ተናገርኩ፣ ጥርሰ ፍንጭቷን ሴት ሳይቀር። አለቃው ማን እንዲህ በይ ብሎ ላከሽ ብሎ መረመረኝ። እኔንም መጠርጠሩ ነው። አልተቀየምኩትም፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እጠይቅ ነበር።

ማሞ ተለቀቀ። ወደ ምሽጉ መመለስ ስለማይችል አብሯቸው ጫካ ገባ። ሲሄድ በአጠገቤ አለፈ፤ እጅ አልነሳኝም፣ አልሰደበኝምም። እናትህ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ አልመጡም። ቤተ ክርስቲያን ስቆም አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ውሃ ስቀዳም ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። የሚያወሩት ስለ እኔ መሆኑን ለማወቅ ተጠራጣሪ መሆን አያስፈልግም። ያ የወንድም ሙሾ ግን ዳግመኛ አልተወረደም።

አሁን ደግሞ ያንተን እንነጋገር። ለምን አልነገርከኝም? ስምንት ዓመት የኮርቻህን ሆድ አደራ ሰጥተኸኝ፣ ውስጡ ያለውን ነፈግከኝ። ምላሴን ፈርተህ ይሆናል፤ ወይም ጣሊያን ቢይዘኝ የማወጣው ነገር እንዳይኖረኝ አስበህልኝ ይሆናል። ሁለተኛውን ማመን እፈልጋለሁ፣ ከአመሌ የተነሳ ግን መጀመሪያው ይቀድመኛል። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ያን ዴላ እኔው ራሴ አከረፋልህ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ባለጌ ሚስት ናት ቢለኝም ደንታ አልነበረኝም። ይህን ሳስብ ከሐዘኔ ቁጣዬ ይበረታል። ናፍቀኸኛል በየነ። ናፍቀኸኛል፣ ተናድጄብሃለሁም።

ቃል የምገባልህ ይህን ነው። በመጪው ሙት ዓመትህ፣ ከዚያም በኋላ፣ በየነ እንዴት ሞተ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ጣሊያን ሰቀለው፣ ሚስቱ አስያዘችው እላለሁ። ማንም ሌላ ታሪክ እንዲያበጅልህ አልፈቅድም። አንተ ለምን እንዳልነገርከኝ፣ እኔ ለምን ደህና አድርጌ እንዳልጠየቅኩህ ፊት ለፊት ተቀምጠን እስክንጨርሰው ድረስ ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ። የታረቅኩትን ሰው ልረሳ እችላለሁ፤ የተጣላሁትን ግን አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም።

አስካለ