በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስለ ተቀመጠው የወይዘሮ ጌታነሽ ገብስ

ሚያዝያ ፳፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
መንዝ፣ ከጓሳ ግርጌ

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድና አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የጎረቤቴ የወይዘሮ ጌታነሽ የዘር ገብስ ከመሥሪያ ቤትዎ ቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ወደ ማሳቸው እንዲመለስ ለመጠየቅ ነው። ጥያቄዬን በአደባባይ ማቅረቤም ክቡርነትዎን ለማስቸገር አስቤ አይደለም፤ ከዚህ ቀደም በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ሳያገኙ በመቅረታቸው፣ ምናልባት ለጥናት ተወስደው ይሆናል ብዬ ስለ ሰጋሁ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤንነትን፣ ለባልደረቦችዎ ደኅንነትን፣ ለቀዝቃዛው ክፍልዎም የማይቋረጥ መብራት እመኛለሁ። እኛ ለተመራማሪዎችዎ ደጋግመን እንደ መለስነው «በመጠኑ ደኅና» ነን። ከዚህ የተሻለም የከፋም መልስ ስንሰጥ ተጨማሪ ዐሥራ ሁለት ጥያቄዎች እንደሚከተሉ ከልምድ ስለ ተማርን፣ በመጠኑ ደኅና መሆንን መርጠናል።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛና ጂኦግራፊ ያስተማርሁ፣ በመጨረሻም በርእሰ መምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተመራማሪ በመጣ ቁጥር ቀበሌው ወደ እኔ ይልከዋል፤ እኔም የፈቃድ ቅጹን ለባላገሩ አነብባለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ አውራ ጣት አስፈርማለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ምርምራችሁ ስብጥር ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በመጀመሪያ ቀይ ቀበሮን የሚያጠኑ መጡ፤ ቀጥሎ ቀበሮው የሚበላውን አይጥ የሚያጠኑ፣ ከዚያም አይጡ የሚበላውን ሣር የሚያጠኑ፣ ከዚያም ሣሩ የበቀለበትን አፈር በከረጢት የሚጭኑ መጡ። ከአፈሩ በታች የቀረ ነገር የለም ብለን ስንዘናጋ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ደረሰ። የተፈጥሮ ሳይንስ በዚህ ሲያበቃ የማኅበረሰብ ሳይንስ ተረከበን። አንዱ የጋራ የሣር ምድራችንን ጓሳን ለዓመታት ዘግተን ስንጠብቅ ሣሩን ለምን እንዳልሰረቅነው ጠየቀን፤ ሌላዋ ጥያቄ ሲበዛብን ምን እንደሚሰማን ጠየቀችን። ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ያጠና የነበረ ትጉህ ወጣትም ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥቶላቸው፣ ገና ከገደሉ ጫፍ ብቅ ሲሉ በስማቸው ይለያቸው ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ በአንደኛው ጥናት መላሽ ቁጥር ፵፯፣ በሌላው ደግሞ መላሽ ቁጥር ፻፲፪ ናቸው። ለዝንጀሮዎቻችን ስለ ተደረገላቸው ክብር በጎረቤቶቼ ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩ኛ/ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከወሰዳችሁት ሁሉ ተመልሶ የደረሰን አንድ ባለ ቀለም ወረቀት ብቻ ነው። እሱም በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በላዩ ላይ የእኛን ተራራ የሚመስል ሥዕል ነበረበት። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ በሚገባ ስለ ሸፈነልን ሳይንስ ለማኅበረሰቡ አይጠቅምም የሚሉትን አፍ ያስያዝንበት ማስረጃ ሆኖናል።

፪ኛ/ የመጠይቆቻችሁን አማርኛ በተመለከተ እዚህ ብዙ አልልም። የመጨረሻዎቹን አራት መጠይቆች በቀይ ቀለም አርሜ መልሻቸዋለሁ፤ ከአራቱም አንዱ እንኳ የማለፊያ ነጥብ አላገኘም።

፫ኛ/ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ወይዘሮ ጌታነሽ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ሲሆን፣ ማሳቸው ከጓሳው ሥር፣ ውርጭ በማይጠፋበት ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ መሬት ላይ የጥቅምትን ውርጭ ተቋቁሞ የሚያፈራ አንድ ጥቁር ገብስ ብቻ ነው፤ አገሬው «ውርጭ አይፈሬ» ይለዋል። ምርጥ ዘር የመጣ ጊዜ እኛ ሌሎቻችን ይህን ገብስ ንቀን ስለ ተውነው ዘሩ በእሳቸው ጎታ ብቻ ቀረ፤ ለዚህ ጥፋት ተጠያቂዎቹ እኛው ነን፣ በዩኒቨርሲቲው ላይ አላላክክም። ካቻምና ደግሞ በረዶ ማሳቸውን ደብድቦት ከዚያ ሁሉ ዘር ሁለት ቁና ብቻ ተረፋቸው።

በእኛ አገር ማሳው የከዳው ሰው ዘሩን ደኅና መሬት ላለው ሰው ያሳድራል። ተቀባዩ በራሱ ማሳ ይዘራዋል፤ በወቃም ጊዜ የተቀበለውን ያህል፣ አንድ እፍኝ ጨምሮ፣ ከአውድማው ላይ ለባለቤቱ ይመልሳል። ውል አይጻፍበትም፤ ምስክርም አይቆምበትም። ያለው ደንብ አንድ ነው፤ ዘሩን የሚያሳድር ሰው ከዘሩ ከፍሎ በቤቱ አያስቀርም። ከፍሎ ያስቀረ ተቀባዩን «አላምንህም» እንዳለው ይቆጠራልና።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የሰብል ሳይንስ ክፍል ባልደረባ የሆኑት ዶክተር ስንታየሁ ወደ እኛ መጡ። ትሑት ሰው ናቸው፤ የዚሁ የመንዛችን የራቤል ተወላጅ መሆናቸውንም ገና ሳይቀመጡ ነገሩን። ስለ ውርጭ አይፈሬ ሰምተው ኖሮ፣ በምርምር ጣቢያቸው ዘርተው ሊያባዙት እንደሚፈልጉ አስረድተው አንድ እፍኝ ናሙና ጠየቁ። ቅጹን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ናሙና የሚለውን ቃል አስፍቼ፣ ዘርዎን በደኅና መሬት ዘርተው ያባዙልዎታል ብዬ ለወይዘሮ ጌታነሽ የተረጎምሁላቸውም እኔው ነኝ። ወይዘሮ ጌታነሽ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ሁለቱን ቁና ገብስ አውጥተው፣ ጎታውን ጠርገው የመጨረሻዋን ፍሬ ሳይቀር በዶክተሩ ከረጢት ውስጥ ገለበጡት። ዶክተሩም እንዲህ ያለ ለጋስ ገበሬ አይቼ አላውቅም ብለው ተገረሙ። ልግስና ሳይሆን አደራ መሆኑን በዚያች ሰዓት መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፤ ነገር ግን የራቤል ልጅ ይህን ደንብ ያጣዋል ብዬ አልጠረጠርሁም። ወይዘሮ ጌታነሽ ቀለሙን ከጣታቸው ላይ እያበሱ የተናገሩትን ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «መምህር፣ እርስዎ ካሉ ይሁን። የተማረ ሰው ማሳው ሰፊ ነው።»

አዝመራው ታጨደ፤ ተወቃ፤ ከዩኒቨርሲቲው ግን የመጣ አልነበረም። ጥር ላይ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጥቼ ለዶክተር ስንታየሁ ደወልሁላቸው። በትሕትና አስረዱኝ፦ ከገብሱ ከፊሉ የምግብ ይዘቱ እንዲለካ ተፈጭቷል፤ ከፊሉ በስንት ቀን እንደሚበቅል ለማወቅ ተነክሮ በቅሎ ተጥሏል፤ የማባዛቱ ሥራ በጀት ስላልተለቀቀለት የቀረው አንድ ቁና ያህል በወረቀት ፖስታ ታሽጎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በቀዝቃዛው ክፍል ተቀምጧል። ያንኑ ይመልሱልን ብላቸው፣ ከቀዝቃዛው ክፍል ዘር የሚወጣው ከተቋም ለተቋም ብቻ እንጂ ለግለሰብ የሚሆን ቅጽ አለመዘጋጀቱን በኀዘን ገለጹልኝ። በጎታ ሁለት ዓመት የማይቆይ ዘር በእነሱ ዘንድ ሃምሳ ዓመት እንደሚቆይም አጽናኑኝ። ይህን ማጽናኛ ለወይዘሮ ጌታነሽ ባደርስላቸው፣ እሳቸውንም ለሃምሳ ዓመት የሚያቆይ ክፍል እንዳለ ጠይቄ እንድነግራቸው አዘዙኝ። እነሆ ጠይቄያለሁ።

፬ኛ/ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዕዳው የአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ በሆነ ነበር። የካቲት ላይ ግን ከማኅበረሰብ ሳይንስ ክፍል ወይዘሪት ትርሲት የተባሉ ተመራማሪ መጡ። የጥናታቸው ርእስ፣ በደጋው አካባቢ ያሉ ሴት አርሶ አደሮች አገር በቀል ዘር የሚያጡበት ምክንያት የሚል ነበር። ዕጣ ከወጣላቸው ቤቶች አንደኛው የወይዘሮ ጌታነሽ ሆነ። ዘጠና ስድስት ጥያቄ ተጠየቁ፤ በስልሳ አንደኛው ላይ በቤቱ ውስጥ ስለ ዘር የሚወስነው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ «የወሰደው» ብለው መለሱ። ለምርጫ የቀረቡት ባል፣ ሚስት፣ ሁለቱም፣ ሌላ የሚሉ ነበሩ። ወይዘሪት ትርሲት ቅን ልጅ ናቸው፤ እርሳሳቸውን ይዘው ብዙ ካመነቱ በኋላ «ሌላ» በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። በኋላም የጥናቱን ማጠቃለያ ስለ ላኩልኝ ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሁሉ ለይቼ አመሰግናቸዋለሁ። ማጠቃለያው እንደሚለው የዘሩ መጥፋት ምክንያት የአርሶ አደሮች የግንዛቤ ማነስ ነው።

መጋቢት ላይ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ዩኒቨርሲቲዎ ድረስ መጥቻለሁ። የጥበቃ ሠራተኛው አዛኝ ሰው ስለ ነበሩ ሕንጻውን አሳዩኝ። ቀዝቃዛው ክፍል በሁለተኛው ፎቅ፣ የማኅበረሰብ ሳይንስ ክፍል ደግሞ ልክ ከእሱ በላይ በሦስተኛው ፎቅ ይገኛል። በመካከላቸው ያለውን ደረጃ ቆጠርሁት፤ ሃያ ሁለት ነው። የወይዘሮ ጌታነሽ ዘር በታች ተቀምጦ፣ የወይዘሮ ጌታነሽ ዘር ማጣት በላይ ይጠናል፤ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወርዶ «ይኸው እዚህ አለ» የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዕለቱ ከሁለቱም ፎቅ የሚያነጋግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም ስለ ትምህርት ዘርፎች ቅንጅት በሚመክር ዐውደ ጥናት ላይ ነበሩ። ጉባኤው ፍሬያማ እንደ ነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምርምር ጠላት አይደለሁም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆችን «ለምን?» ብለው እንዲጠይቁ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ከሚጠይቁት ሰዎችዎ አንዳንዶቹ የእኔ ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ከተጠያቂዎቹ አንዷ በዚህ ክረምት ምን እንደሚገጥማቸው ማወቅ ይገባዎታል። ዘሩ ሰኔ ፲፪ ሳያልፍ ካልተዘራ ጥቅምት ይቀድመዋል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጌታነሽ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ወደ ልጃቸው ቤት ወደ ዓለም ከተማ ይወርዳሉ። መሬቱን የሚያርሰው ሰው ለሰኔ መባቻ ተቀጥሯል፤ ልጃቸውም መኝታ አዘጋጅታለች። ወይዘሮ ጌታነሽ እኔን በአንድ ቃል እንኳ አልወቀሱኝም። ነገር ግን ከጥር ወዲህ ከልጃቸው የሚላክላቸውን ደብዳቤ የሚያስነብቡት እኔን ሳይሆን የቀበሌውን ጸሓፊ ነው። ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ጥናት ካለዎት በደስታ እቀበላለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ቀሪው አንድ ቁና ገብስ፣ ከነቁጥሩም ከነፖስታውም ቢሆን ግድ የለንም፣ ይመለስልን። ተቀባይ ተቋም ካስፈለገ ጓሳን የሚጠብቁት የአገር ሽማግሌዎች ለመፈረም ፈቃደኞች ናቸው። ተቋማቸው በዕድሜ ዩኒቨርሲቲዎን በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጠዋል። ማኅተም እንደሌለው አልክድም፤ ተመራማሪዎችዎ መጥተው ያጠኑትም ያለ ማኅተም ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደ ቆየ ነበርና ይህ እንቅፋት እንደማይሆን አምናለሁ። የተፈጨውና የተነከረው፣ በደንቡ መሠረት የሚጨመረውም እፍኝ፣ ለሳይንስ እድገት ካደረግነው አስተዋጽኦ ይቆጠርልን።

ክቡርነትዎ እሺም ይበሉ እምቢ፣ እስከ ግንቦት ፳፩ ቀን ድረስ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በቃል የሚሰጥ መልስ አልቀበልም፤ በቃል የሰጠነው የት እንደ ደረሰ ከላይ አመልክቻለሁ።

ዕውቀትን ለማበልጸግ ሲደክሙ ድካማችንን ያላዩትን ባልደረቦችዎን ሁሉ በታላቅ አክብሮት ሰላም እያልሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለዩኒቨርሲቲዎ ብዙ ፎቆችን፣ ለፎቆቹም የሚወጡባቸውን ብቻ ሳይሆን የሚወርዱባቸውን ሰዎች እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣው፣

ገብረ አማኑኤል ዳኜ
ጡረተኛ ርእሰ መምህር፤ የወይዘሮ ጌታነሽ ቅጽ አንባቢ የነበረ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳላሽገው ሁለት ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲዎ ደረሱ፤ አገር በቀል የእህል ማስቀመጫዎችን ያጠናሉ። የወይዘሮ ጌታነሽን ጎታ ቁመቱንና ወርዱን ለክተው፣ ባዶ ሆዱንም በብርሃን ፎቶግራፍ አንሥተው ሲያበቁ፣ ለዩኒቨርሲቲው ሙዚየም እንዲሰጧቸው ለመኗቸው። በዕድሜያቸው ለእንግዳ እምቢ ብለው የማያውቁት ሴት ጎታውን በእጃቸው ደግፈው «ይኼስ ይቅርልኝ፤ ዘሩ ሲመጣ የት ላኖረው ነው?» አሏቸው። ወጣቶቹ ይህን ቃል አልጻፉትም። የጻፉትን ግን በትከሻቸው በኩል አንብቤዋለሁ፦ «መላሿ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደሉም።» በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ እኛ ከተጻፈው ሁሉ ሰዋስውም እውነትም ሳይጎድለው ያገኘሁት ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ አላረምሁትም።