«ትተኛለች» ያልኩት እኔ ነኝ

ለእህቴ ለናፊሳ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ። እንዴት ነሽ እህቴ? ጤናሽስ? አሠሪሽ ዕረፍት ትሰጥሻለች? እኛ አልሐምዱ ሊላህ አለን። ባለቤቴ ኸድርም ሙቀቱ በርትቶበት ከሽንኩርቱ ማሳ በጊዜ ይመለሳል እንጂ ደህና ነው። አለን ማለት ግን ደህና ነን ማለት እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስትደውዪ ልጅሽ ኑርሃን አጠገቤ ስለሆነች ነው ወረቀት የያዝኩት። ወደዚያ የምትመለሰው መሪያም ታደርስልሻለች።

ኑርሃን ባጃጅ ተገልብጦ ወገቧን ከተጎዳች ሁለት ዓመት አልፏል። አጥንቷ ድኗል ብለውናል። ሕመሙ ግን ከወገቧ ተነሥቶ ትከሻዋንም ጉልበቷንም ያዳርሳል። ያልዋጠችው ኪኒን የለም፤ አየር ብትለውጥ ብለን ደብረ ሲና ወስደን በብርዱም አስከርመናታል፣ ቁርአንም አስቀርተንባታል። ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሆስፒታል የወሰድኳት ቀን ሐኪሙ «ትተኛለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን አስቸኮለኝ! ጋደም ማለቷን የጠየቀኝ መስሎኝ «ኧረ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ተነሺ ብትባልም አትነሣም» አልኩት። እሱ ለካ የጠየቀው ስለ እንቅልፍ ኖሯል። ጻፈና አለፈው። ከዚያ ወዲህ ያያት ሐኪም ሁሉ ካርዷን እያነበበ እንቅልፏ ደህና ነው እያለ የወገብ መድኃኒት ብቻ ሲሰጣት ከረመ።

ባለፈው ሰኔ ናትናኤል የሚባል ነርስ እኔን ትቶ እሷኑ «እንቅልፍ ይወስድሻል?» አላት። «ከተጎዳሁ ጀምሮ በቅጡ ወስዶኝ አያውቅም፤ ሊነጋ ሲል ትንሽ ሸለብ ያደርገኛል» አለችው። አንድ ቤት እየኖርን! ለምን ያኔ አልተናገርሽም ብላት «አንቱ ሲመልሱ እኔ ምን ልበል?» አለችኝ። ታላቅ ሲናገር አታቋርጪ ብዬ ያሳደግኳት እኔው፤ ማንን ልውቀስ?

ናትናኤል እንዳስረዳኝ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣታል፤ እንቅልፍ ያጣ ገላ ላይ ደግሞ ትንሹም ሕመም ይበረታል። ሕመሙ እስኪለቃት አንጠብቅ፣ ከእንቅልፉ እንጀምር አለ። ቀን አልጋ ላይ እንዳትወጣ፣ እንቅልፍ እምቢ ካላት ተነሥታ እንድትቀመጥ፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እንድትነሣ፣ በየቀኑም ጥቂት ጥቂት እንድትራመድ አዘዘ። ጀመርን። በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ ፈታ ያለ መሰለኝ።

ግን የአገራችንን ሰው ታውቂው የለ? ጠያቂ በገባ ቁጥር «ምነው ይቺን በሽተኛ ጎለትሻት? ትተኛ እንጂ!» ይለኛል። ጎረቤታችን እትዬ የሺ አንድ ቀን ሰው ፊት «የሆድሽ ልጅ ብትሆን እንዲህ ታደርጊያት ነበር?» አሉኝ። እኔ የወለድኩት የለኝም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። በንዴት አልጋውን አነጠፍኩና «ተኚ» አልኳት። ተኛች። ያው እንደተኛች ናት።

ናትናኤልም ተዛውሮ ሄደ። አሁን የሚያዩዋት ያንኑ ኪኒን ጽፈው ይሸኙናል። ትምህርቷን ካቋረጠች ዓመት ሞላት። እኔ ራሴ ሥርዓቱን እንደገና ልጀምርላት ብል «ይተዉኝ እትዬ፣ ደከመኝ» ትለኛለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ! ዱዓ አደርጋለሁ፤ ተስፋ አለኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። አደራሽን በልቻለሁ። አፉ በይኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ጁምዓ ጁምዓ ስትደውዪ «ኑርሃንስ?» ትዪኛለሽ። «ተኝታለች» እልሻለሁ። «ተያት ትረፍ፣ አትቀስቅሻት» ብለሽ ትዘጊያለሽ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዓይኗ እንደፈጠጠ ድምፅሽን ትሰማለች። ከእንግዲህ ተኝታለች ስልሽ ስልኩን ስጪያት በይኝ።

ኸድር ሰላም ብሎሻል። እትዬ የሺም ሰላም ብለውሻል፤ አኩርፌያቸው ነበር፣ ታርቀናል። ኑርሃን እንደምጽፍልሽ አታውቅም፤ የእሷን ሰላምታ ከራሷ ተቀበዪ።

እህትሽ ሳሊሃ
ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.