ከአየር ላይ ካርቦን መልቀም

ውድ ወንድሜ ፈይሳ፣

ጎረቤታችን ተናኜ ተሽሏታል፤ አትስጋ። ልጇ አለምዘውድ ከሙቱንጎ መጥታ እያስታመመቻት ነው። ትናንት የልጇን ሾርባ ጨው አነሰው እያለች ስትነጫነጭ ሰምቼ፣ በቃ ድናለች አልኩ። ምን አገኛት መሰለህ? መብራት ሲጠፋ ባሏ ጋሽ አድማሱ ሌባ ፈርቶ ጄኔሬተሩን ከደጅ ወደ ኮሪደር አስገባው። ጭሱ ሲያፍናቸው ደግሞ ወደ ውጭ እንዲነፋላቸው ቬንትሌተር ደቀነበት። ቬንትሌተሩ የሚሠራው በዚያው በጄኔሬተር ነው እኮ። ተናኜ ራሷን ስታ ስትወድቅ ነው ያጠፉት።

እሷን ክሊኒክ አድርሼ በቦዳ ሞተር ሳይክል ስመለስ ያንተን ሥራ ሳስብ መጣሁ። እዚያ ናይቫሻ ያለው ከአየር ላይ ካርቦን የሚስበው ማሽናችሁ በምን ጉልበት ነው የሚሠራው? ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት ነው ብለኸኛል። እሺ፣ እንደ ጋሽ አድማሱ አይደላችሁም፤ ጭስ በጭስ አታባርሩም። ግን ያ እንፋሎት ለሰው መብራት ቢሆን አይሻልም ነበር ወይ? ደግሞ ካርቦኑ በሰማዩ ሁሉ ተበትኖ ሲያበቃ ከአሸዋ ላይ ጤፍ መልቀም አይሆንባችሁም? ገና ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሲወጣ መያዙ ይቀላል መሰለኝ። የተማርክ አንተ ነህ፤ ልነቅፍህ አይደለም። ግን ሚስትህን አሳምኚልኝ አልከኝ። ሌንሳ ያን ሁሉ ጊዜ በኮሮና ተዘግቶ የከረመው ትምህርት ቤት ተከፍቶ ማስተማር በጀመረች ማግስት፣ ሁሉን ትታ ወዳንተ ትምጣ ነው የምትለው። እኔ ራሴ ያላመንኩበትን በምን አፌ ላሳምናት?

ቢሆንም ዛሬ ስትመጣ መልእክትህን ነገርኳት። ጋሽ አድማሱም የተናኜን መድኃኒት ገዝቶ ሲመለስ ብቅ ብሎ ነበርና ሰማ። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ባልሽን ተመለስ በይው" አላት። ሰውዬው ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ምክር አላለቀበትም።

ሌንሳ ሳቀችና፣ "ባይታፈስስ ጋሼ፣ ወለሉ አይወለወልም? ብቻ ቧንቧውን ሳይዘጉ መወልወል ነው ከንቱ ድካም" አለችው።

እሱ ሲወጣ በሩን ዘጋች። መቼም ታውቃታለህ፣ በር ከዘጋች የልቧን ልትናገር ነው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"ማሽኑ የሚችለውን ሲነግረኝ ከረመ። አሁን የማይችለውን ይንገረኝ። እሱን ሳይደብቅ ከነገረኝ እሄዳለሁ።"

እህትህ ፌኒ
ካንሳንጋ