ላሟ በስሟ፣ ቅድመ አያቴ በባሏ ስም

ለተከበሩ ሚስተር ዴልበርት ክራውስ
የፌርሎው አውራጃ መዝገብ ቤት ሹም
አዮዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የወገብዎን ሁኔታና ማንም ደፍሮት የማያውቀውን የምሳ ሰዓትዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ በቆሎውም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

የዘጠና ሦስት ዓመቷ እናቴ ሉርሊን ከመሞቷ በፊት የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሴት አያቷ ስም በአያቷ መቃብር ድንጋይ ላይ እንዲቀረጽ። ድንጋዩ «የኤፍሬም ስታብስ ሚስት» ብቻ ይላል። አገሩ ሁሉ «እማማ ስታብስ» እያለ ሲጠራት ስለኖረ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልተረፈም። የመቃብር ኮሚቴው ደግሞ የእርስዎ ማኅተም የሌለበትን ስም አላስቀርጽም ስላለ አምስት ጊዜ ደጅዎን ጠናሁ። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ የቅድመ አያቴን የሰባት ልጆቿን የልደት መዝገብ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በሰባቱም ላይ የአባት ስም ኤፍሬም፣ የእናት ስም «ሚስቱ» ይላል። ሰባት ጊዜ አምጣ አንድ ጊዜ እንኳ በስሟ አልተጻፈችም። እንባዬ ሲመጣ «እመቤቴ፣ ያኔ እንዲህ ነበር የሚጻፈው፤ ምን ላድርግዎት?» ብለው አጽናንተውኛል።

፪ኛ፦ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያሳተሙትን የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንድመለከት ስለመከሩኝም አመሰግናለሁ። እዚያም የሷ የፖም ፓይ «የሚስስ ኤፍሬም ስታብስ» ተብሏል። ውኃ እንኳ አፍልቶ የማያውቀው ኤፍሬም ስሙ በፓይ ተጠርቷል!

በሚቀጥለው ወር ሌላ መዝገብ ሊገኝ ይችላል ያሉኝን ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ትቼው ነበር። እርስዎ ግን በስሕተት የ1909ን የከብት ውድድር መዝገብ አቀበሉኝ።

፫ኛ፦ ስለዚህ ስሕተትዎ ከልቤ አመሰግናለሁ። የኤፍሬም ላም አንደኛ ወጥታ፣ ከእናቷና ከእናቷ እናት ጀምሮ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ በየስማቸው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተመዝግበዋል። የላሟ ስም አይዴላ ነው። ለእናቴ ሳነብላት ጠረጴዛውን መታችው፦

«አንቺ! አይዴላ ነው ያልሽው? አባቴ ይነግረኝ ነበር እኮ! አያቴ ላሟን በሚስቱ ስም ስለጠራት ሚስቱ አንድ ወር ሙሉ አኩርፋዋለች!»

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ስሙንም ደጋግማ ጠራችው።

በማግሥቱ ማኅተም ስጠይቅዎ «የላም ወረቀት ለሰው አይሆንም» አሉኝ። እውነት ነው። የሰውም ወረቀት ለሰው አልሆነም።

ስለዚህ ቅዳሜ ያለ ማኅተም እናስቀርጻለን። እናቴ ሐሳቧን እንዲህ ስትል ገልጻለች፦ «ቅረጹት! ኮሚቴው የሚከሰኝ ከሆነ ይፍጠን፤ እኔ ጊዜ የለኝም።»

ማኅተምዎን አቧራ እንዳይነካው፣ ወንበርዎም እንዳይቀዘቅዝ በመመኘት፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የአይዴላ የልጅ ልጅ ልጅ፣
የሉርሊን ልጅ፣
ሮዌና

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት ላማችን ወልዳለች። ጥጃዋ ሴት ብትሆንም ዴልበርት ብለን በከብት መዝገቡ አስገብተናታል። ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆችዎ ስምዎን ሲፈልጉ እንደኔ አይንከራተቱም።