ሁለት ማንኪያ

ውድ እታለም፣

ስድስት ዓመት አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ ስጽፍ አባዬ የሞተ እንዳይመስልሽ። አለ። የምጽፍልሽ ስለ ልጅሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ ለሆድ ቁርጠት ቅጠል ልትወስድ መጥታ ነበር። «እህትህ ልጅ አታቅፍም» አለችኝ። «ትንሿን ልጄን ለአፍታ ያዥልኝ ብላት፣ እጄ አይታመንም ብላ በሩን ዘጋችብኝ።» ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስቀድድ ሰነበትኩ።

የአባዬን የመድኃኒት አሠራር ታውቂያለሽ። ለትኩሳትም፣ ለሆድም፣ ለወስፋትም፣ ቁስል ለማጠብም ያው አንድ የተራራ ቅጠል ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ለመጠኑ ደግሞ ከምላሱ ሌላ መለኪያ አልነበረውም። ካፈላው ላይ አንዲት ጠብታ ምላሱ ጫፍ ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ምሬቱ እስኪለቀው ይቆጥራል። ለአዋቂ እስከ ሃያ፣ ለልጅ እስከ አምስት። ካለፈ ውሃ ይጨምራል፤ ካነሰ ቅጠል። ለወስፋት የመጣው የመጋዘን ዘበኛ «ኧረ አባት፣ ከበሽታው ይሄ ባሰኝ እኮ!» ሲለው፣ «ወስፋቱም እንዳንተ ጠልቶት ነው የሚወጣው» ያለው ትዝ ይልሻል? በሳቅ ወድቀሽ ነበር።

ልጅሽን ይዘሽ ከመምጣትሽ ከወር በፊት አባዬን ክፉ ጉንፋን ጥሎት ነበር። ሲሻለው ሻዩ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ጨመርኩበት፤ በስህተት ነው። ጨልጦ ጠጣና «ዛሬ ጥሩ አፍልተሃል» አለኝ። ያኔ ገባኝ። ምላሱ ሞቷል። እሱ ይወቀው አይወቀው እንጃ፤ ቅጠሉን መቅመሱን ግን አልተወም። እኔም ዝም አልኩ። ስሙን ልጠብቅለት ብዬ ነው አልልሽም። ቅጠል ለቃሚው እኔ ነበርኩ፤ የእሱ ቤት ከተዘጋ የምገባበት አልነበረኝም።

ለልጅሽ ትኩሳት ሲያፈላ «ገና ነው፣ ውሃ ነው» እያለ ሁለቴ ቅጠል ጨመረበት። ቆሜ አየሁት። ከዚያ «ሁለት የሻይ ማንኪያ ስጪያት» አለሽ።

ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመራት። በማግስቱ ቀበርናት።

«ስንት ማንኪያ ነው የሰጠሻት?» አለሽ አባዬ። «ሁለት» አልሽ። ደግሞ ጠየቀሽ። በሦስተኛው «እንጃ፣ ሦስት ይሆን እንዴ?» ብለሽ የገዛ እጅሽን ማየት ጀመርሽ። ባልሽ ያችኑ ቃል ይዞ ጥሎሽ ሄደ። አባዬ እስከ ትናንት «እጇ ከብዶ ነው» ይል ነበር፤ ከልቡ። እኔ እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

ትናንት የምላሱን ነገር ነገርኩት። አልተቆጣም። ተነስቶ ከከረጢቱ እፍኝ ቅጠል አወጣና አፉ ውስጥ ጨመረ፤ እንደ ዳቦ አላመጠው። አረንጓዴ ምራቁ አገጩ ላይ እየወረደ ወደ እኔ ዞረ።

«ይመራል?» አለኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ልጅቷ አትመለስም፤ ስድስቱ ዓመትም አይመለስም። እሱንም እኔንም ብትጠዪን አልፈርድብሽም። ይህን ወረቀት ለፈለግሽው አሳዪ፤ ለባልሽም ቢሆን። ያን ዕለት እየተራገጠች ስታስቸግርሽ እግሯን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ። ዓይኔ ከማንኪያሽ ላይ አልተነቀለም። ሁለት ነበር፣ እታለም። ሁለት ብቻ።

አይቶ ዝም ያለው ወንድምሽ